መስቀልና ሦስት ነጥብ

ገንዳ ውኃ፤ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዓለምነው ያረጋል፣ ገዳሪፍ ካለህበት።

የአባቶችህ አምላክ ጤናህን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ያጽናልህ። እኔ አክስትህ ተናኘወርቅ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም ዝናቡ ካባራ ወዲህ ለቀቅ አድርጎኛል።

ደብዳቤህን ድንበር እየተሻገረች የምትነግደው ባሕሪያ ለሽያጭ በምታመጣው ቶብ፣ በዚያ የሱዳን ሴቶች ልብስ፣ ውስጥ ጠቅልላ አደረሰችልኝ። ስልክ ከጠፋ ወዲህ ሰው ሁሉ ያማርራል። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኛል። በስልክ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ሲባባሉ ነው ጊዜው የሚያልቀው። ወረቀት ዝም ብሎ ያዳምጣል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርሁት ለካ ለዚህ ኖሯል።

«ተውኪል ገባሁ» ያልኸውን ቁርስ ቤቴ ፉል ለሚበሉት ሁሉ አነበብሁላቸው። መናኸሪያው አጠገብ መሆኔ ለዚህ ይመቻል፤ ሰሚ አይጠፋም። አንዱ ሾፌር «ደግሞ ተውኪል ምንድን ነው?» አለኝ። «አዲስ መኪና ከፋብሪካ መጥቶ የሚሸጥበት፣ ሲታመምም ተመልሶ የሚታከምበት ቤት ነው፤ የወንድሜ ልጅ እዚያ ሐኪም ነው» አልሁት። ተሳሳትሁ? «እንግዲያው የኔንም ጉበት ይይልኝ» ብሎ ሁሉንም አሳቀብኝ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከኮኪት እስከ ቋራ የወፍጮ ሞተር ሲጠግን፣ ጨርሶ ከመነሣቱ በፊት በሹል ብረት ትንሽ መስቀል፣ ከመስቀሉ ግርጌ ደግሞ ሦስት ነጥብ ይመታ ነበር። ሰው «ሥላሴን ማለቱ ነው» ይላል። ለእኔ ግን «እታለሜ፣ ይህ ዋስ ነው። ቢሰበር ወደ ያረጋል አምጡት ማለቴ ነው» ብሎኛል። ሥራውን የሚደብቅ ሠሪ አይወድም ነበር። አንተም የዘጋኸውን ሞተር ሳትመታበት እንዳትተወው።

ገንዘብ አልልህም፣ ሽቶ አልልህም። የሥራውን ልብስ ለብሰህ የተነሣኸውን ፎቶ ላክልኝ፤ ቁርስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቦታውን አዘጋጅቻለሁ።

አክስትህ ተናኘወርቅ


ገዳሪፍ፤ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ተናኘወርቅ።

ከእግርዎ ሥር ሆኜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በርስዎ ጸሎት ደኅና ነኝ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኛል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተውኪል ነኝ። ከጦርነቱ ወዲህ አዲስ መኪና የሚገባው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ የምሠራው ዘይትና ማጣሪያ መቀየር፣ በመጽሐፉ መሠረት ብሎን ማጥበቅ ነው። አለቃችን ባሽሙሃንዲስ ሉጥፊ ይባላል፤ መሐንዲሱን እዚህ እንዲያ ብለው ነው የሚያከብሩት። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ዝም ሲል ግን ያስፈራል። ስንቀጠር አንድ ቃል አስፈርሞናል፦ የተውኪል ሠራተኛ ውጭ መኪና አይነካም። የተገኘ ይባረራል። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው፣ በተውኪሉ ስም ነው። ተባረርሁ ማለት በዚያው ቀን ወረቀት የሌለው ሐበሻ ሆንሁ ማለት ነው።

አሁን የምጽፍልዎትን ለማንም አይንገሩ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጀማሉ የሚባል የወሎ ሰው ግቢ እየሄድሁ ሞተር እቀይራለሁ። የገበሬው ቦክሲ (እዚህ ፒክአፑን እንዲህ ነው የሚሉት) ሞተሩ ሲሞት የራሱ ዓይነት ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ ከሌላ መኪና የወጣ፣ ዓይነቱ የተለየ ሞተር ይመጣል። የሞተውን በሰንሰለት አንጠልጥለን እናወጣለን። እንግዳው ግን በአሮጌው መቀመጫ አይቀመጥም፤ እግሩ አይደርስም። ያኔ ተሻለ የሚባል ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የመጣ የትግራይ ሰው ከወፍራም ብረት አዲስ እግር በይዶ ይሠራለታል። እኔ ካምቢዮውን አጋጥማለሁ፣ ሽቦውን እቀጥላለሁ፣ የውኃውንና የነዳጁን መንገድ አበጃለሁ። ከዚያ ቁልፉን ማዞር ነው። መጀመሪያ ያስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በኋላ ድምፁ ይስተካከላል። ተሻለ ሥራ ሲያምርለት ስለማያወራ በመዶሻው እጀታ ትከሻዬን መታ ያደርገኛል። ተውኪል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እዚያ የሚጠገነው ያልሞተ ነው።

አባቴ እንዳደረገው ምልክቱን እመታለሁ፤ ተሻለ በሠራው እግር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ጎንበስ ብሎ ላልፈለገ በማይታይ ቦታ።

ፎቶውን ለሌላ ጊዜ ይተዉልኝ። ልብሱ የተውኪሉ ስም አለበት። ደግሜ፣ ለማንም አይንገሩ።

ልጅዎ ዓለምነው


ገንዳ ውኃ፤ ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓለምነው፣ ለወንድሜ ምትክ።

መንገድህ ሁሉ ጠጠር አይኑርበት። እኛ ደኅና ነን፤ ማሽላው ተሰብስቧል፣ ሰሊጡም ከሞላ ጎደል ገብቷል።

ያንን የሞተር ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ፣ የደስታ። «እዚያ የሚጠገነው ያልሞተ ነው» ያልኸውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አባትህ ተነሥቶ የጻፈው መሰለኝ እኮ።

ለማንም አልነገርሁም። ማለቴ፣ ለማያውቀን ሰው አልነገርሁም። ለሚያውቀን ደግሞ መንገር አይባልም፣ ጨዋታ ነው። ደግሞ ስማ፣ አንድ የምሥራች አለኝ፤ ደንበኛ ላክሁልህ። ሰውየው ስማቸው የሚባል፣ የሰሊጥ አጫጆችን ወደ ባሱንዳ የሚያመላልስ፣ ጨዋ ሰው ነው። ቦክሲው መንገድ ላይ ሞታበት እዚህ ቁጭ ብሎ ሲተክዝ እኔ ምን ልበል? ዝም ልበል? የሚያድነው ሰው እያለኝ?

«ገዳሪፍ ተውኪል ሂድና ዓለምነው በል» አልሁት።

«በሞተር ቀያሪ ስንቴ ተታለልሁ መሰለሽ፤ በምን አምናለሁ?» አለኝ።

«እሱ የሠራቸውን ጎንበስ ብለህ እይ። ከሞተሩ እግር በውስጥ በኩል መስቀልና ሦስት ነጥብ ካለ የእኛ ቤት ሥራ ነው፤ አትጠራጠር» አልሁት።

እጄን ይዞ ሳመኝ። እኔም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ፤ ለፉሉ ዘይት አበዛሁበት መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ሲመጣ ደኅና አድርገህ ያዘው፤ እዚህ አፉ ይሰማል። ፎቶውን አልረሳሁም።

አክስትህ


ገዳሪፍ፤ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ተናኘወርቅ፣

ሰላምዎ ይብዛ።

ባሕሪያ ሁለት ጊዜ መጥታ ያለ ደብዳቤ የመለስኋት ወረቀት አጥቼ አይደለም።

ስማቸው መጣ። የመጣው ጀማሉ ግቢ አይደለም፣ ተውኪል ነው። ደንበኛ በተሰበሰበበት፣ ባሽሙሃንዲስ ሉጥፊ ቆሞ ሳለ፣ «ያ መስቀል የሚመታው ሞተር ቀያሪ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። አልወጣሁም። ባሽሙሃንዲስ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ ጫማው ብቻ ይታየኛል። «ዓለምነው፣ አንድ ሰው ከሁለት ሰሐን አይበላም» ብሎ ሄደ። በየቀኑ «ዛሬ ይጠራኛል» እያልሁ እገባለሁ።

ይህ ትንሹ ነው። ያልነገርሁዎት ሌላ አለ።

ሞተር ሁሉ እንደ ሰው መታወቂያ ጎኑ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለው። ጀማሉ በኅዳር መጨረሻ ያመጣው አንድ ሞተር ግን ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ልሙጥ ነበር። ከካርቱሙ ጦርነት ወዲህ እንዲህ ያለ ሞተር ከየት እንደሚመጣ እዚህ ሁሉም ያውቃል፤ ባለቤቱን ከመኪናው አውርደው የነጠቁት ነው። አይቼዋለሁ፣ እትዬ። አይቼ ጀማሉን አልጠየቅሁትም። ሞተሩ ጥሩ ነበር፣ ገጠምሁት፣ ድምፁም አማረ። ከዚያም እንደ ልማዴ ምልክቱን መታሁበት።

ያቺ ቦክሲ ባለፈው ሳምንት ዶካ ኬላ ላይ ተይዛለች። ሾፌሯ ከሌላ ሰው የገዛት ስለሆነ ሞተሩ የት እንደተገጠመ አያውቅም። ቁጥሩን ቢያጡት ከሥሯ ገብተው ሲፈልጉ ምልክቱን አግኝተዋል። «ይህን የሚመታ ማነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጀማሉ ግቢ መሄድ ትቻለሁ። ምሳዬን ከተውኪሉ በር ውጭ አልበላም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ስለ ምልክቱ ለማን ለማን እንደነገሩ አስታውሰው ይጻፉልኝ። አንድም ሰው አይዝለሉ።

ዓለምነው


ገንዳ ውኃ፤ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓለምነው።

ጥላው ይጋርድህ። ደብዳቤህን ካነበብሁ ወዲህ እህል አልበላልኝ ብሏል፤ ግን አትፍራ፣ እኔም አልፈራሁም።

የጠየቅኸኝን እነሆ። ለስማቸው፣ እሱን ታውቃለህ። ለንስሐ አባቴ፣ እሳቸው አይቆጠሩም። ለባሕሪያ፣ እሷም የቤት ናት። ዳቦ ለሚያመጣልኝ ሰውዬ። የመተማ መስመር ሾፌሮች አሉ፣ አራት ወይም አምስት ናቸው፤ ያን ቀን አንዱ ስለ ሞተሩ ሲያማርር ነው ነገር ያነሣሁት። ለአንዲት ነርስም ነግሬያለሁ፣ ለምን እንደነገርኋት አሁን አላስታውስም። ስታለቅስ አግኝቻት ላጽናናት ብዬ ይመስለኛል። በቃ እነዚህ ናቸው። ክፉ ሰው የለባቸውም።

ቁርስ ቤቱ ጥሩ ነው። የጣራውን ቆርቆሮ አስቀይሬያለሁ። የመናኸሪያው ግራር ተቆርጦ ጥላ የለንም፤ ሰው ወደ እኔ ይገባል፣ እሱም በጎ ነው።

አንድ ሌላ ሰው አለ። ስማቸው ወደ አንተ ከሄደ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል፣ የካቲት መጀመሪያ ነው፣ ደብዳቤህ ገና ሳይደርሰኝ። ጫማው ንጹሕ የሆነ፣ በዓረብኛና በሰባራ አማርኛ የሚናገር ረዥም ሰው መጥቶ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። መናኸሪያው እንዲህ አቧራ ሆኖ ሳለ በምን መጣ ብዬ ጫማውን አይቼበታለሁ። «የመስቀል ምልክት የምታውቅ ሴት አንቺ ነሽ አሉኝ» አለ። ደስ አለኝ። እስከዚያ ድረስ ተሰማን ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። «እንዴት ያለ ነው?» አለኝ። ከደብተሬ ቅጠል ቀድጄ በቀይ እስክሪብቶ ሣልሁለት። አራት አጣጥፎ ደረት ኪሱ አስገባው። ገዳሪፍ ነው የሚሠራው ከማለት በቀር ስምህን አልነገርሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። የሻዩን ሒሳብ ሳልቀበለው ነው የሸኘሁት።

ነገሩ ምንም አይደለም፣ አይደል? ነጋዴ ይሆናል። ቶሎ ጻፍልኝ። ፎቶው ይቅር።

አክስትህ


ገዳሪፍ፤ መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ተናኘወርቅ፣

እንደምን ሰነበቱ።

ወረቀትዎን አየሁት። ቀይ ቀለም፣ የመስቀሉ እግር እርስዎ እንደሚሥሉት ወደ ታች ሰፋ ያለ። ያየሁት በወታደር እጅ ነው።

ሰውየው ነጋዴ አይደለም። የሞተሩ ባለቤት ወንድም ነው። ባለቤቱ ቤተሰቡን ይዞ ከካርቱም ሲወጣ መንገድ ላይ ገድለውት መኪናውን ወስደዋል። ወንድምየው ከዚያ ወዲህ ከገበያ ገበያ፣ ከኬላ ኬላ ሞተር ሲፈልግ ኖሯል። ዶካ ላይ አገኘው፤ ቁጥሩ ቢፋቅም በጎኑ ባለ አሮጌ ብየዳ ለየው። ምልክቱን ሲያጠያይቅ አንዱ ሾፌር «ገንዳ ውኃ የምታወራ ሴት አለች» ብሎ ወደ እርስዎ ላከው። እርስዎ የሣሉትንና ብረቱ ላይ ያለውን አስተያይቶ ወደ ገዳሪፍ መጣ፤ ሞተር የሚቀየርባቸውን ግቢዎችም ዞረ።

ባለፈው ማክሰኞ ከወታደሮች ጋር ጀማሉ ግቢ ገቡ። ዕቃዬን ልወስድ ሄጄ ስለነበር ከሰው መካከል ቆሜ አየሁ። «ይህ ምልክት የማነው?» አሉ። ጀማሉ ወረቀቱን አየ፣ እኔንም አየኝ። ከዚያ «ምልክቱ በሞተሩ እግር ላይ ነው። እግር የሚሠራው በያጁ ነው» አለ። ውሸት አልተናገረም፤ ግማሹን ነው የተናገረው።

ተሻለን ይዘውት ሄዱ። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት የብየዳ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንደነበረ ነው። በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እንዳያስበላኝ ነው። «የኔ አይደለም» ማለት ይችል ነበር። ያን ቢል «እንግዲያ የማን ነው?» ይሉታል። ስለዚህ ምንም አላለም። ጥያቄያቸው ስለ ሞተር ብቻ አይደለም፣ ስለ ተገደለው ሰው ነው።

ስምንት ቀን ሆነው። እኔ ጠዋት ጠዋት ተውኪል ገብቼ ዘይት እቀይራለሁ።

ዓለምነው


ገንዳ ውኃ፤ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዓለምነው ሆይ፣

ባሕሪያ እየጠበቀችኝ ነው፣ ቁጭ ብዬ አልጽፍም።

ካድ። ምልክቱ የኛ አይደለም በል። መስቀል የማን ነው? የሁሉም ነው። ነጥብስ ማን አይመታም? ያረጋል የሚባል አባት አልነበረኝም ብትልም እሱ ከላይ ሆኖ ይቅር ይልሃል፣ እኔ ስለት እገባልሃለሁ። ስለ በያጁ እግዚአብሔር ያውቅለታል። አንተ ግን የተውኪሉን ልብስህን ልበስ፣ ሥራህን ሥራ፣ አፍህን ዝጋ። ያንን ሹል ብረት ጣለው። እኔ ነኝ የነገርሁህ፣ እኔው ነኝ ጣለው የምልህ። ሰው ከጠየቀኝ ዓለምነው የሚባል አላውቅም እላለሁ።

በሞቴ።

ተናኘወርቅ


ገዳሪፍ፤ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎት አክስቴ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። የሞትዎን መሐላ ያንሡልኝ፤ ልጥሰው ነው።

ለመካድ ሞከርሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካድሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ትናንት ባሽሙሃንዲስ ሉጥፊ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ የሞተር እግር አስቀምጧል፤ ከሌላ ቦክሲ የፈታው ነው፣ ምልክቱ አለበት። «ይህን የሠራው ልጅ እጁ ጥሩ ነው» አለ። «ዛሬ ወታደሮቹ ጠይቀውኝ አላውቅም ብያለሁ። ነገ ቢጠይቁኝም አላውቅም እላለሁ። አንተ ግን በያጁ የት እንዳለ ታውቃለህ» አለኝ። ብረቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

አባቴ ምልክቱን ዋስ ነው ብሎዎት የለ? ዋስ የሚጠራው ሲሰበር ነው፣ እትዬ። ሲሠራማ ማን ዋስ ይፈልጋል?

ነገ ጠዋት ሄጄ የመታሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ቁጥሩ ተፍቆ እንዳየሁና እንዳልጠየቅሁም እናገራለሁ። ስለ ተገደለው ሰው ግን የማውቀው የለኝም፤ ቢያምኑኝ። እፈራለሁ። የሥራ ልብሴን አጥቤ ተውኪሉ ውስጥ ትቻለሁ። ፎቶው እነሆ፤ ባለፈው ሳምንት ተነሥቼው ነበር። ግድግዳ ላይ አይስቀሉት።

ልጅዎ


ገንዳ ውኃ፤ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓለምነው ያረጋል፣ በተሻለ በያጁ እጅ።

ያለህበትን የሚያውቅ እሱ ይጠብቅህ። ይህን የምጽፈው ባሕሪያ ሦስት ጊዜ ባዶ እጇን ከመጣች በኋላ ነው። ተሻለ በግንቦት ተፈቶ ወደ ግቢው ተመልሷል አለችኝ። ስለ አንተ ስትጠይቀው ብየዳውን አቁሞ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው አለችኝ። ከዚያ በላይ አልነገረኝም ትላለች። ነግሯት ደብቃኝ እንደሆነም አላውቅም፤ እኔ ሰው ምሥጢር የሚነግራት ሴት አይደለሁም ለካ።

አሁን ቁርስ ቤት ውስጥ ብዙ አልናገርም። ሰው አሟታል ይላል። ፎቶህ ከሣጥኔ ሥር ነው፤ ሰማያዊው ልብስ ትንሽ ሰፍቶሃል።

አንድ ነገር ለምጄያለሁ። ከገላባት በኩል ቦክሲ በመጣ ቁጥር፣ ሾፌሩ ፉሉን ሲበላ፣ እኔ ወጥቼ ጎንበስ እላለሁ። ጉልበቴ ይጮኻል እንጂ እያየሁ ነው። አብዛኛው ጭቃ ነው። ዛሬ ግን በአንዷ ሥር፣ በእግሩ በውስጥ በኩል፣ መስቀሉን አየሁት። በጣቴ ዳሰስሁት። ከግርጌው ሦስት ነጥብ አለ። ተፈትተህ ይሆን አልሁ። ከዚያ ጣቴን ሳየው ዝገት ነው። ነጥቦቹ ውስጥ ዝገት ገብቷል። የድሮ ነው። ከዚያ ሁሉ ነገር በፊት፣ እኔ ሳወራ፣ አንተ ደስ ብሎህ ስትሠራ የመታኸው ነው።

ሾፌሩ መጥቶ «እማማ፣ ምን ወደቀብዎ?» አለኝ።

አንተ፣ የወንድሜ ልጅ፣ መናኸሪያው ሙሉ ሰው ነበር፣ ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ስምህ አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ቁልፍ» አልሁት። «አገኘሁት።»

ደብዳቤ አልጠይቅህም፤ ደብዳቤ አስፈሪ ነው። አንድ ቀን ብረት በእጅህ ከገባ፣ የትም ይሁን፣ የማንም መኪና ይሁን፣ አራተኛ ነጥብ ጨምርልኝ። አንድ ነጥብ ብቻ። እኔ ከዚህ መናኸሪያ የትም አልሄድም። ጎንበስ ብዬ አገኘዋለሁ፤ ሳገኘውም ለማንም አልናገርም።

አክስትህ ተናኘወርቅ